የላፕቶፓችሁ ቁልፍ ማን ኪስ ውስጥ ነው?

የመመረቂያ ጥናቴን ለማስረከብ አሥራ አንድ ቀን ሲቀረኝ መብራት ጠፋ። ይሄ ለአዲስ አበባ ሰው ወሬ እንደማይሆን አውቃለሁ፤ መብራት ይጠፋል፣ ይመጣል። ችግሩ የኔ ላፕቶፕ ባትሪው ከሞተ ዓመት ያለፈው፣ ሶኬት ላይ ካልተሰካ የማይሠራ፣ ውጭ አገር ተሠርቶበት ከሚመጡት አንዱ መሆኑ ነው። በዚያች ደቂቃ ደግሞ ዊንዶውሱ ‹‹አፕዴት እያደረግኩ ነው፣ እንዳታጠፉኝ›› እያለ ፐርሰንት ይቆጥር ነበር። መብራቱ ከአንድ ሰዓት በኋላ ተመለሰ። ዊንዶውሱ አልተመለሰም።

ላፕቶፑ ውስጥ የነበረው ጥናቴ ብቻ አይደለም። ዓረብ አገር በቤት ሠራተኝነት ሠርተው ከተመለሱ ስድስት ሴቶች ጋር ያደረግኩት ቃለ ምልልስ በድምፅ ተቀምጦበታል። ከስድስቱ አንዳንዶቹ የደረሰባቸውን ለእናታቸው እንኳን አልተናገሩም። እኔ ደግሞ በጋዜጠኝነት ትምህርት እንደተማርኩት ድምፅ መቅጃውን ከመክፈቴ በፊት ‹‹ይሄንን ከኔ ሌላ ማንም አይሰማውም›› ብዬ ለእያንዳንዳቸው ቃል ገብቼ ነበር።

ላፕቶፑን ታቅፌ ወደ አንድ የኮምፒውተር ጥገና ቤት ሮጥኩ። ልጁ ሃያ ዓመት ቢሞላው ነው፤ ትሑትም ፈጣንም ነው። አብርቶ አየውና ‹‹ዊንዶውሱ ነው የሄደው እህቴ፤ ፎርማት ይደረጋል›› አለኝ።

‹‹ፋይሎቼስ?››

‹‹አታስቢ፣ ባክአፕ አደርግልሻለሁ። 11 ሰዓት ላይ ነይና ውሰጂው።››

አመስግኜው ፓስወርዴን ወረቀት ላይ ጽፌ ሰጠሁት። አዎ፣ ወረቀት ላይ።

11 ሰዓት ላይ ስመለስ ላፕቶፑ ይሠራል፣ ፋይሎቼም አሉ። ልጁ ያለውን ፈጽሟል። ሒሳብ ልከፍል ጠጋ ስል ግን ዓይኔ የእሱ ኮምፒውተር ስክሪን ላይ አረፈ። ቢጫ ፎልደሮች በረድፍ ተደርድረዋል፦ ‹‹ዶክተሯ››፣ ‹‹ቶሺባ ጥቁሩ››፣ ‹‹የሙሽሮቹ››፣ ‹‹ሒሳብ ሠራተኛው››... ከታች በኩል ደግሞ ‹‹ጋዜጠኛዋ›› የሚል አለ። እኔ ነኝ።

‹‹ይሄ እኮ የኔ ነው፤ ለምን እዚህ ተቀመጠ?›› አልኩት።

‹‹ኧረ እኔ አላየውም እህቴ! በቀን ስንት ሰው ነው የማስተናግደው? ቦታ ሲሞላብኝ አጠፋዋለሁ።››

አሁን አጥፋልኝ ብዬ ለመንኩት፤ አጠፋው። ‹‹ከሪሳይክል ቢኑም›› አልኩት፤ ከዚያም አጠፋው። ከመጥፋቱ በፊት ሌላ ቦታ ተቀድቶ እንደሆነ ግን የማውቅበት መንገድ አልነበረኝም። ዛሬም የለኝም።

ልጁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ የጠየቅኩትን በሙሉ ያደረገልኝ ልጅ ነው። ቃሉን ያፈረስኩት እኔ ነኝ። ሥራው አርባ ደቂቃ የሚፈጅ፣ እኔው ራሴ ቤቴ ቁጭ ብዬ ልሠራው የምችለው ሥራ እንደነበረ የገባኝ ደግሞ ከተመረቅኩ በኋላ ነው። የጎደለኝ አንዲት ፍላሽ ነበረች።

ስለዚህ የዛሬው ክርክሬ አጭር ነው። ኮምፒውተር ያለው ሰው ሁሉ፣ ኮምፒውተሩን እንደ አዲስ የሚያስነሣባት አንዲት ቡተብል ፍላሽ መሳቢያው ውስጥ ሊኖረው ይገባል። የቤታችንን ትርፍ ቁልፍ ሠፈር ውስጥ ላለ ቁልፍ ቀራጭ ሰጥተን አንተኛም። ፎቶአችንን፣ ደመወዛችንን፣ የባንክ ወረቀታችንን፣ የሰው ምስጢር የያዘውን ዕቃ ግን ‹‹ፎርማት አድርግልኝ›› ብለን ለማናውቀው ሰው አስረክበን ምሳ ለመብላት እንሄዳለን።

ነገሩ ምንድን ነው?

የምታውቁት ይሄን አንቀጽ ዝለሉት። ኮምፒውተር ሲበራ መጀመሪያ የሚፈልገው ኦፕሬቲንግ ሲስተሙን ነው። ብዙ ጊዜ የሚያገኘው ከራሱ ሃርድ ዲስክ ነው፤ ዲስኩ ላይ ያለው ሲበላሽ መነሻ ያጣል። ቡተብል ፍላሽ ማለት ኮምፒውተሩ ከራሱ ዲስክ ትቶ ከእሷ እንዲነሣ ሆና የተሰናዳች ፍላሽ ናት። የዊንዶውሱን ፋይል እንደ ዘፈን ኮፒ አድርጎ መጣል ብቻውን አይበቃም፤ ፍላሿ ለዚሁ ተብሎ በሚሠራ ፕሮግራም መዘጋጀት አለባት። ከዚያ ትሰኳታላችሁ፣ ኮምፒውተሩን እንዳበራችሁት አንዲት ቁልፍ ትጫናላችሁ (ዴልና ሌኖቮ ላይ አብዛኛውን ጊዜ ኤፍ 12፣ ኤችፒ ላይ ኤፍ 9)፣ ከሚመጣው ዝርዝር ውስጥ ፍላሿን ትመርጣላችሁ። በቃ። የጥገና ቤቱ ልጅ ‹‹ምትሐት›› እስከዚህ ድረስ ነው።

‹‹ዊንዶውስ እኮ ራሱን ሪሴት የሚያደርግበት መንገድ አለው›› የምትሉኝ ትኖራላችሁ። እውነት ነው፤ ሲሠራ ጥሩ ነው፤ ፋይል ሳያጠፋም ሊያድስ ይችላል። ነገር ግን ያ መፍትሔ የተቀመጠው እዚያው የታመመው ዲስክ ላይ ነው። ቤት ውስጥ የተረሳ ትርፍ ቁልፍ በሩ ከተቆለፈ በኋላ ምን ይሠራል? ዲስኩ ጨርሶ ሞቶ በአዲስ ኤስኤስዲ ሲቀየር ደግሞ አዲሱ ባዶ ነው፤ ሪሴት የሚባለው ነገር ራሱ የለም።

ኦሪጅናሉን አስጥሎ ክራክ ማስጫን

እኔን ካናደዱኝ ነገሮች ይሄኛው የተለየ ቦታ አለው። ከዊንዶውስ 8 ወዲህ ዊንዶውስ ተጭኖባቸው ከፋብሪካ የወጡ አብዛኞቹ ላፕቶፖች የፈቃድ ቁልፋቸው እዚያው ማዘርቦርዳቸው ላይ ተቀምጧል። ከዊንዶውስ 10 ጀምሮ ደግሞ አንድ ጊዜ በሕጋዊ መንገድ አክቲቬት የሆነን ኮምፒውተር ማይክሮሶፍት በአካሉ ያውቀዋል። ዲስኩን አጽድታችሁ ያንኑ የዊንዶውስ ዓይነት፣ ማለትም ሆም ከሆነ ሆም፣ ፕሮ ከሆነ ፕሮ፣ ከንጹሕ ፍላሽ ብትጭኑ ኢንተርኔት ሲያገኝ ራሱን ያስከፍታል፤ ማንም ክራክ አያስፈልገውም።

እኛ ግን ምን እናደርጋለን? የተከፈለበትን፣ ኦሪጅናል ዊንዶውስ የያዘ ላፕቶፕ እንወስድና ገንዘብ ከፍለን በክራክ እናስለውጠዋለን። አክቲቬተር የሚሉትን ፕሮግራም ለመጫን ደግሞ በቅድሚያ አንቲቫይረሱ ይዘጋል። ዘበኛውን ‹‹አንዴ ዞር በል›› ብሎ ጭምብል ያደረገ ሰው እንደ ማስገባት ነው። በዚያች ደቂቃ አብሮ የሚገባውን ማን ያየዋል? የኔም ላፕቶፕ እንዲህ ተደርጎ ነበር። ያወቅኩት ከወራት በኋላ የራሴን ፍላሽ ሠርቼ እንደ አዲስ ስጭነው፣ ማንም ቁልፍ ሳይሰጠው ‹‹ዊንዶውስ አክቲቬትድ›› ብሎ ሲመጣልኝ ነው። የራሴን ዕቃ ተሰርቄ፣ ለሌባው መጓጓዣ የከፈልኩ ያህል ተሰማኝ።

ትልልቆቹም ከፍላሽ አላመለጡም

ይሄ የድሃ አገር ችግር የሚመስለው ካለ ሐምሌ 12 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024) ምን እንደሆነ ያስታውስ። ክራውድስትራይክ የተባለው የኮምፒውተር ደኅንነት ኩባንያ የላከው አንድ የተበላሸ አፕዴት በዓለም ዙሪያ ማይክሮሶፍት ወደ 8.5 ሚሊዮን የገመታቸውን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮች ሰማያዊ ስክሪን ላይ አስቀራቸው። በረራዎች ተሰረዙ፣ ሆስፒታሎች ቀጠሮ አራዘሙ፣ ባንኮች ተስተጓጎሉ።

መፍትሔውስ? ኮምፒውተሮቹ መነሣት ስላልቻሉ ብዙዎቹን ከሩቅ በኢንተርኔት ማዳን አልተቻለም። ባለሙያዎች እየዞሩ አንድ በአንድ በእጃቸው ማስነሣት ነበረባቸው። ማይክሮሶፍትም በቀናት ውስጥ ያቀረበው አንዱ መሣሪያ ቡተብል ፍላሽ የሚያዘጋጅ ፕሮግራም ነበር። የዓለም ትልልቅ ድርጅቶች ‹‹ክላውድ›› ሲሉ ከርመው መጨረሻ ላይ ያዳናቸው ፍላሽ ይዞ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ የሚሄድ ሰው ሆነ። እኔና እናንተ እንዲህ ያለ ባለሙያ ደመወዝ ከፍለን አልቀጠርንም፤ ያለን ባለሙያ ራሳችን ነን።

ዊንዶውስ 10ም ሄዷል

ጉዳዩን ዛሬ ያነሣሁት በሌላም ምክንያት ነው። ማይክሮሶፍት ጥቅምት 4 ቀን 2018 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 14 ቀን 2025) ለዊንዶውስ 10 መደበኛ ድጋፉን አቁሟል። ለተራ ተጠቃሚ የሰጠው በምዝገባ የሚገኝ የደኅንነት ማራዘሚያ ብቻ ነው። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ሁሉንም አይቀበልም፤ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፣ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከስምንተኛው ትውልድ ወዲህ ያሉትን ነው የሚወደው። እዚህ ከተማ ‹‹ኮር አይ ፋይቭ ነው፣ ጠንካራ ነው›› ተብለው ከተሸጡልን ያገለገሉ ላፕቶፖች ውስጥ አራተኛና ስድስተኛ ትውልድ የሆኑት ስንት እንደሆኑ ዙሪያችሁን ተመልከቱ።

ድጋፍ መቆም ማለት ኮምፒውተሩ ነገ ይሞታል ማለት አይደለም። አዲስ የሚገኝ ቀዳዳ አይደፈንለትም ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በሜይ 2017 ዋናክራይ የተባለው ፋይል ቆላፊ ቫይረስ ዓለምን ሲያዳርስ መድፈኛው ከወጣ ሁለት ወር ሆኖት ነበር፤ የተጎዱት መድፈኛው ያልደረሳቸው ኮምፒውተሮች ናቸው።

ለነዚህ ላፕቶፖች የሚበጀው ሁለተኛው መንገድም በዚያችው ፍላሽ ያልፋል። ሊነክስ ነጻ ነው፣ ክራክ አይፈልግም። ደቡብ አፍሪካዊው ማርክ ሻትልወርዝ የመሠረተው ኡቡንቱ እ.ኤ.አ. በ2004 ሲጀመር ሲዲውን በዓለም ዙሪያ ለጠየቀ ሁሉ በፖስታ በነጻ ይልክ ነበር፤ እስከ 2011 ድረስም ልኳል። ዛሬ ያ ሲዲ የናንተ ፍላሽ ነው። ሊነክስ ሚንት የተባለው ደግሞ ዕድሜ በገፋ ላፕቶፕ ላይ ደህና ይሮጣል። እውነቱን ለመናገር ግን ለሁሉም አይሆንም፦ ፒችትሪ የሚሠራ የሒሳብ ባለሙያ ወይም የድሮ ሰነዱን ሁሉ በፓወር ግዕዝ የጻፈ ሰው ሊቸገር ይችላል። ለሚጽፍ፣ ለሚያነብ፣ ፊልም ለሚያይና ኢንተርኔት ለሚጠቀም ግን ከበቂ በላይ ነው።

አንድ የምወደው ነገሩ ይቀጥላል። የሊነክስ ፍላሽ ሳይጫን፣ ከፍላሹ ብቻ ተነሥቶ ይሠራል። ዊንዶውሱ የሞተበትን ላፕቶፕ በእሷ አስነሥታችሁ ዲስኩን ከፍታችሁ ፋይላችሁን ወደ ሌላ ሃርድ ዲስክ ማውጣት ትችላላችሁ። ያን ቀን እኔ የሚያስፈልገኝ ይሄው ነበር። ስድስቱ ድምፆች ከቤቴ ሳይወጡ ይተርፉ ነበር።

‹‹ግን እኮ...››

‹‹የልጆቹን እንጀራ ልትዘጊ ነው?›› አለችኝ ጓደኛዬ። አይደለም። የተሰበረ ስክሪን፣ የተቃጠለ ፓወር፣ የላላ የቻርጀር መሰኪያ፣ ብየዳ የሚፈልግ ቦርድ ሁልጊዜም ወደ እነሱ ይሄዳል፤ ያ ሙያ ነው፣ ዋጋም ይገባዋል። እንጀራ ግን በሌላው አለማወቅ ላይ ብቻ መጋገር የለበትም።

‹‹ብታበላሸውስ?›› የሚል ፍርሃትም አለ። ሴቶቹ ደግሞ ይሄን ፍርሃት ይበልጥ ተምረነዋል። በዶርም ዘመናችን ላፕቶፕ ሲታመም ተሸክመን ወደ ወንዶቹ ብሎክ ነበር የምንሄደው፤ ‹‹ወንዶቹ ይችሉታል›› ይባል ነበር። እነሱም የተማሩት እያበላሹ ነው እንጂ ከእናታቸው ማኅፀን ይዘውት አልወጡም። ከመካከላችን ፎቶዋ ከጥገና ቤት ይወጣብኛል ብላ ስትሰጋ ያደረች ስንት ናት? የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ወጥቶልናል፤ ይበል የሚያሰኝ ነው። አዋጅ ግን የወጣን ፎቶ አይመልስም። ከቤት ያልወጣ ፋይል ጠበቃ አያስፈልገውም።

‹‹ፍላሽ ካለኝ ባክአፕ ለምን?›› ለሚሉኝ ደግሞ፦ አይምታታባችሁ። ቡተብል ፍላሽ ኮምፒውተሩን ያስነሣል እንጂ የሞተ ዲስክ ላይ የነበረ ጥናት አያስነሣም። ፋይላችሁ ሁልጊዜ ሁለት ቦታ ይኑር።

እንግዲህ እንዴት?

የ8 ጊጋ ፍላሽ ትበቃለች፤ 16 ብትሆን ይመረጣል። ለዚህ ብቻ መድቧት፤ ስትሰናዳ ላይዋ የነበረው ሁሉ ይጠፋልና። ዊንዶውሱን ከማይክሮሶፍት ከራሱ ገጽ አውርዱ፤ ‹‹ሚዲያ ክሪኤሽን ቱል›› የሚባለው ፕሮግራም አውርዶ ፍላሿን ራሱ ያሰናዳል። ቴሌግራም ላይ ‹‹ፕሪ አክቲቬትድ›› እየተባለ የሚዞረውን እለፉት፤ ማን ምን እንደጨመረበት አታውቁም። ከ5 ጊጋ በላይ ስለሆነ ዳታ ይበላል፤ አንዱ ካምፓስ ወይም መሥሪያ ቤት ያውርድና አምስት ጓደኛ ይካፈል። ሩፎስ የሚባለው ትንሽ ነጻ ፕሮግራም የወረደውን ፋይል ወደ ቡተብል ፍላሽ ይለውጣል። ቬንቶይ የተባለው ደግሞ በአንዲት ፍላሽ ላይ ዊንዶውስም ሊነክስም አብረው እንዲኖሩ ያደርጋል፤ የኔዋ እንዲህ ናት።

ከፍላሿ ጎን የሚቀመጡ ሦስት ነገሮች አትርሱ። አንደኛ የዋይፋያችሁ ድራይቨር፤ አዲስ የተጫነ ዊንዶውስ ዋይፋዩን ካላወቀው ድራይቨር ለማውረድ ኢንተርኔት፣ ኢንተርኔት ለማግኘት ድራይቨር ትፈልጋላችሁ። ሁለተኛ የአማርኛ ፎንቶቻችሁ፤ በድሮው ቪዥዋል ግዕዝ የተጻፈ ሰነድ ፎንቱ ከሌለ የእንግሊዝኛ ፊደል ሾርባ ሆኖ ነው የሚከፈተው። ሦስተኛ የቢትሎከር መክፈቻ ቁጥራችሁ፤ አዳዲስ ላፕቶፖች ዲስካቸውን ባለቤቱ ሳያውቅ ሊቆልፉ ይችላሉ፣ ቁጥሩ ከሌለ ፋይሉን ቡተብልም አያወጣውም። እሱን ግን ከፍላሿ ጋር አታስቀምጡት፤ ወረቀት ላይ ጽፋችሁ ሌላ ቦታ ደብቁት።

ስትጭኑ ዋናው ጥንቃቄ አንድ ቦታ ነው፦ ‹‹ዊንዶውስን የት ልጫን?›› ብሎ ሲጠይቃችሁ። ‹‹ዲሊት›› እና ‹‹ፎርማት›› የሚሉትን የምትነኩት የትኛው ዲስክ እንደሆነ እርግጠኛ ስትሆኑ ብቻ ነው። ተጨማሪ ሃርድ ዲስካችሁን አስቀድማችሁ ንቀሉት። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ከሆነ ደግሞ... መብራት የሚጠፋበትን ሰዓት እናንተው ታውቃላችሁ።

ዋናው ነገር ግን ኮምፒውተሩ ደህና ሳለ አሁን መሥራት ነው። ኮምፒውተሩ ከሞተ በኋላ ፍላሽ ለማዘጋጀት የጎረቤት ኮምፒውተር ትለምናላችሁ። አዘጋጅታችሁም አንድ ቀን ሰክታችሁ መነሣቷን አረጋግጡ፤ ያልተሞከረ ቁልፍ በሩን ይክፈት አይክፈት አይታወቅም።

ከስድስቱ ሴቶች ለአንዷ ደውዬ የሆነውን ነገርኳት። ለአምስቱ አልደወልኩም፤ ድፍረት አጣሁ። ረጅም ጊዜ ዝም አለችና ‹‹ድምፄ ብቻ ነው ወይስ ስሜም አለበት?›› አለችኝ። ስሟም ነበረበት፤ ፋይሉን የሰየምኩት በስሟ ነበር። ‹‹እሺ›› ብላ ዘጋችው። ከዚያ ወዲህ ስልኬን አታነሣም፤ አልፈርድባትም።

ፍላሿ አሁን ቦርሳዬ ውስጥ ናት፣ ቀይ ክር አስሬባታለሁ። እስካሁን የአምስት ጓደኞቼን ላፕቶፕ አስነሥቼባታለሁ፤ እነሱ አጠገቤ ቁጭ ብለው እያዩ፣ ፋይላቸው ከቤታቸው ሳይወጣ። ከአምስቱ ሦስቱ አሁን የራሳቸው አላቸው። የቀሩት ሁለቱ ‹‹ቅዳሜ›› ብለውኛል። እናንተስ?